የጠፈር መርከብ ያለበት የአማርኛ ፊልም እንዴት ይሠራል? ስንትስ ያስወጣል?

ከሚሴ ሻይ ቤት ቁጭ ብላችሁ አንዱ «እኛም ሀገር የሳይንስ ልብወለድ ፊልም ተሠርቷል» ቢል እንዳትስቁበት። እውነቱን ነው። የሳይንስ ልብወለድ ማለት ገና ያልመጣ ዘመንን ወይም ያልተፈጠረ መሣሪያን እንዳለ አድርጎ የሚተርክ ታሪክ ነው።

ሁለቱን ላስተዋውቃችሁ። የመጀመሪያው «ክራምብስ» ይባላል፤ ፍርፋሪ እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2015 በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ታየ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ሊያንሶ ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ቋንቋው አማርኛ ስለሆነ እንደ ትርጉም ፊልም ተራኪ አይፈልግም።

ታሪኩስ? ከትልቅ ጥፋት በኋላ ጥቂት ሰዎች ቀርተዋል። ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረ የጠፈር መርከብ አለ። አንድ ቀን የመነሳት ምልክት ያሳያል። ካንዲ የተባለው ሰው የመጣሁት ከሌላ ዓለም ነው ብሎ ያምናልና ወደ ሀገሩ ሊገባ መንገድ ይጀምራል።

ፊልሙ ዘመናችንን ይተቻል። ትችቱ የት አለ ትሉ ይሆናል። ዕቃዎቹ ላይ ነው። ዛሬ በየገበያው መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጥ የፕላስቲክ አሻንጉሊት እዚያ ቅርስ ሆኗል። የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ብርቅ ሀብት ይታያል። ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ማይክል ጆርዳን ጸሎት ይደረስለታል! ማንም ዲስኩር አያደርግም፤ ዋጋ የሚተምነው ባለሱቅ ብቻ ይበቃል።

ወጪውን የሚቀንሰው ቦታው ነው። ሌላ ዓለም ለማስመሰል ግንብ አልገነቡም። ከዞናችን በምሥራቅ የምትጎራበተን አፋር ሰሜን ጫፏ ላይ ዳሎል አላት፤ ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨው የሚፈላበት ምድር። እዚያ ካሜራ መትከል ብቻ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» ነው። ርዕሱ ኢየሱስን ቢጠራም ስብከት አይደለም። በእንግሊዝኛ የተሠራ የስለላና የተኩስ ፊልም ነው። ዳንኤል ታደሰ የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ ሆኖ «ሳይኮቡክ» ወደሚባል የኮምፒውተር ዓለም ይገባል። የሚያሳድደው ቫይረስ «ሶቪየት ኅብረት» ይባላል፤ ፊቱ የስታሊን ጭንብል ነው። መንግሥትም ጠላቱም ጭንብል አጥልቀው ሲፋለሙ ማንን እንደምታምኑ ግራ ይገባችኋል። ፊልሙም የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል።

የኮምፒውተሩ ዓለም የተሠራው በስቶፕ ሞሽን ነው፤ ተዋናዩን ፎቶ አንስቶ፣ ትንሽ አንቀሳቅሶ፣ ደግሞ ማንሳት። መደበኛ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። በግማሹ፣ በ12 ቢሠራ እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720 ፎቶ ይጠይቃል። ጭንብሉ ወረቀት ነው፣ ርካሽ። ውዱ ጊዜው ነው። ተዋናይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አለበት።

እናንተንስ ምን ያስወጣችኋል? በስልክ በመካከለኛ ጥራት አንድ ሰዓት ማየት እስከ 1 ጊጋባይት ይበላል። «ክራምብስ» 68 ደቂቃ ነው፤ ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ከፍ ያለ ጥቅል ያዙ። ዋይፋይ ካለበት ማውረድ ይሻላል። ሁለተኛው ይረዝማል፤ እንግሊዝኛ ለሚከብደው ሰው አጠገቡ የሚያስረዳው ይኑር።

ለመጀመር «ክራምብስ»ን እመርጣለሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነውና ተኩስ የለመደ ወጣት በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያዛጋ ይሆናል። ባለሱቁ እስኪመጣ ይታገሥ።