ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ልብስ

በኮልፌ ቀራንዮና በንፋስ ስልክ ላፍቶ አዋሳኝ፥ ከቆሼ የቆሻሻ መጣያ አጠገብ፥ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ፥ በቀን 1400 ቶን ያህል ቆሻሻ አቃጥሎ፥ በእሳቱ ውሃ አፍልቶ፥ በእንፋሎቱም ግፊት ተርባይን አዙሮ ኤሌክትሪክ እንዲሰጥ ታቅዶ የተሠራ ነው፤ ከሙቀት ኃይል የማውጣት ጥበብም በዓለም ሁሉ በአብዛኛው የሚሄደው በዚሁ በእሳት፥ በውሃና በመንኰራኵር መንገድ ነው። ነገር ግን ከሦስቱ አንዱንም ሳይሻ፥ በትከሻ ላይ እንደ ተጣለ ጋቢ ጸጥ ብሎ የገላን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ልብስ ለመሥራት የሚደክሙ ሊቃውንት በዘመናችን ተነሥተዋል።

የጥበቡ መሠረት የቈየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ዜቤክ የተባለው ሊቅ፥ ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ማዕድናትን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቅ፥ በአጠገቡ ያለችው የኮምፓስ መርፌ ዘወር ስትል አየ፤ በሞቀው ወገን ያሉት ኤሌክትሮኖች ወደ ቀዝቃዛው ስለሚያዘነብሉ፥ በሁለቱ ማዕድናት መካከል ያለው የዚህ ዝንባሌ ልዩነት ኤሌክትሪክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላኩት ቮየጀር የተባሉት ሁለቱ የጠፈር መንኰራኵሮችም ኃይላቸውን የሚያገኙት፥ የፕሉቶኒየምን ሙቀት በዚሁ መንገድ በመለወጥ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሻሉት ማዕድናት ግን እንደ ጨርቅ አይታጠፉም። ስለዚህ ሊቃውንት ኤሌክትሪክ ወደሚያስተላልፉ ፕላስቲኮችና ወደ ረቂቅ የካርቦን ቱቦዎች ዞሩ፤ በአሜሪካ የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2012 የካርቦን ቱቦ በፕላስቲክ ውስጥ አዋሕደው፥ ሲነኩት እንደ ጨርቅ የሚለሰልስ ነገር ሠሩ። ይህም በ72 ድርብ ያስገኘው 140 ናኖዋት ያህል ነበር፤ አንድ ናኖዋት የዋት ቢሊዮንኛ ነውና፥ 5 ዋት ለሚፈልግ ስልክ ከ35 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ጨርቅ ያሻል ማለት ነው።

ጥቂትነቱ የባለሙያዎቹ ስንፍና ሳይሆን የፍጥረት ሕግ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል፤ ዳሩ ግን ኃይል የሚገኘው ከሙቀቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን ከልዩነቱ ስለ ሆነ፥ የገላ ቈዳ 33፥ የኮልፌ የማለዳ አየር 10 ዲግሪ ቢሆን እንኳ፥ ፍጹም የሆነ መሣሪያ ወደ ኤሌክትሪክ ሊለውጥ የሚችለው ከመቶ 8 አይሞላም፤ በእኩለ ቀን ደግሞ ከዚያ እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ይህ ልብስ ቤት ያበራል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው፤ የልብ ትርታን ለሚለካ ትንሽ መሣሪያ ባትሪ ቢተካ ግን ታላቅ ነገር ነው።

ለእኛ እጅግ የሚያስደስተው ይህ ነው፦ ልብሱ እንዲሠራ፥ አንዱ ፊቱ ሞቆ ሌላው ቀዝቅዞ መቈየት አለበት፤ ይህም ጋቢ በድርብርቡ መካከል አየር ይዞ ዘወትር የሚሠራው ሥራ ነው። በሁለቱ ማዕድናት ፈንታ ባሕርያቸው የተለያየ ሁለት ዐይነት ክር እያፈራረቁ ከገላ ወደ ውጭ፥ ከውጭም ወደ ገላ ማመላለስ ደግሞ ድርና ማግ ለሚያውቅ እጅ እንግዳ አይደለም። እንግዲህ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፥ ክሩን ከቤተ ሙከራችሁ ይዛችሁ በሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ዘንድ ቅረቡ፤ አሠራሩንም አብራችሁ ፈትኑት።