ስለት ከጀርባው ይጀምራል

ደማም፦ የባሕረ ሰላጤው እርጥብ አየር ለአናጢ መሣሪያ አይራራም። በደማም፣ በኸበርና በዳህራን ዘይት ሳይቀባ የከረመ መላጊያ ወይም መሮ ብዙ ሳይቆይ ይዝጋል። የዛገውን ጥሎ አዲስ መግዛት ደግሞ ከደመወዙ ለቤተሰቡ ለሚልክ ሠራተኛ ቀላል ወጪ አይደለም። መሳያውን በአግባቡ የመረጠ ግን አሮጌውን ስለት ያድናል።

የሳዑዲ ዐረቢያ የባህል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. 2025ን የእደ ጥበብ ዓመት ብሎ ሰይሟል። በዚሁ ምሥራቃዊ ግዛት የምትገኘው አል-አሕሳእም በእደ ጥበብ ዘርፍ ከዩኔስኮ የፈጠራ ከተሞች አንዷ የሆነችው በ2015 ነበር። የእጅ ሥራ ክብር የሚጠበቀው ግን በተሳለ መሣሪያ ነው።

ስለት የሁለት ገጾች መገናኛ ነው፦ የጠፍጣፋው ጀርባና የተዳፋው ፊት። ጀርባው ካልተስተካከለ ፊቱ የቱንም ያህል ቢሳል ጠርዙ አይጠራም። ይሁንና መላው ጀርባ መስተካከል የለበትም፤ በመላጊያ ላይ ከጠርዙ አጠገብ ያለው ጥቂት ስፋት ይበቃል። ጀርባውን በማርከር ቀብቶ ጥቂት ማሸት የትኛው ቦታ ገና እንዳልተነካ ያሳያል።

በመሳያ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል። ዝገት የበላው ጀርባ ከ220 አካባቢ ይጀምራል፤ ከዚያም 1000፣ 4000 እና 8000 ይከተላሉ። የቀደመው ጭረት ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ መሻገር ግን ድካምን ከንቱ ያደርጋል።

በወፍራም መስታወት ላይ የተለጠፈ የሲሊከን ካርባይድ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ለጀማሪ ርካሽ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ውሎ አድሮ ወጪው ይበዛል። የውሃ ድንጋይ በፍጥነት ይስላል፤ ነገር ግን መሐሉ ስለሚሰረጉድ ራሱም በየጊዜው መስተካከል አለበት። የዘይት ድንጋይ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም በጠንካራ ቅይጥ ብረት ላይ አዝጋሚ ነው። የአልማዝ ሰሌዳ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሆኖም ጠንካራውን ብረት ሁሉ ይስላል፣ ጠፍጣፋነቱንም አይለቅም፣ የውሃ ድንጋዩንም ያስተካክላል። ስለዚህ አቅሙ ለተወሰነ ሰው አንድ ሻካራ የአልማዝ ሰሌዳና ሁለት የውሃ ድንጋዮች፣ 1000 እና 8000፣ ለዘለቄታው ይበቃሉ።

ለማፍጠን ሲሉ በኤሌክትሪክ መሳያ አጥብቆ መጫን አደገኛ ነው። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ተራው የካርቦን ብረት ጥንካሬውን አጥቷል፤ ስለቱም አይበረክትም። ሥራው ሲያበቃ ብረቱን አድርቆ በስሱ ዘይት መቀባት የባሕሩ አየር በአንድ ሌሊት የድካሙን ፍሬ እንዳይወስድ ይከላከላል።