ትከሻ ለምን ደጋግሞ ይወልቃል?

ትከሻው የወለቀ ሰው አጥንቱ ወደ ቦታው ከተመለሰለት የዳነ ይመስለኝ ነበር። አምና በክፍሎች ውድድር በረኛ ሆኜ ስጫወት ኳስ ለመያዝ ዘልዬ በቀኝ ክንዴ ላይ ወደቅሁና ትከሻዬ ወለቀ። ሐኪም ቢመልስልኝም ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ወለቀ፤ ለሦስተኛ ጊዜ የወለቀው ግን ሹራብ ስለብስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክንዴን ከፍ አድርጌ ወደ ኋላ ማዞር ስለ ፈራሁ አንዳንድ ጓደኞቼ «ፈሪ» አሉኝ፤ እኔም አመንኋቸው። ምክንያቱን ከሐኪም ከተረዳሁ በኋላ ግን ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ትከሻ ከመጋጠሚያዎች ሁሉ ይልቅ እንደ ልብ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ለዚህም ነጻነቱ ዋጋ ይከፍላል። የጭን አጥንት ራስ በዳሌ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ፥ የክንድ አጥንት ክብ ራስ ግን በሲኒ ማስቀመጫ ላይ እንደ ተቀመጠ ብርቱካን ነው። እንዳይንሸራተት የሚይዙት ጡንቻዎች፥ ጅማቶችና በማስቀመጫው ዙሪያ እንደ ሰፌድ ጠርዝ ከፍ ያለ ጠንካራ ቀለበት ናቸው። ትከሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀው ወደ ፊት ነው፤ ያን ጊዜ ቀለበቱ ከአጥንቱ ይላቀቃል። አጥንቱ ቢመለስም ጠርዙ በቦታው ላይጣበቅ ይችላል። ይህን መላቀቅ የውልቃቱ መደጋገም ዋና ምክንያት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1923 የገለጸው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ባንካርት ስለ ሆነ ጉዳቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በተለይ በወጣትነቱ የወለቀበት ሰው እንደገና የሚወልቅበት ዕድል ብዙ ነው።

ሐኪሙ ስንት ጊዜና እንዴት እንደ ወለቀ ጠየቀኝ። በአጠገቡ የሚያልፈው ነርቭ እንዳልተጎዳ ለማወቅ የትከሻዬ ቆዳ መደንዘዝ አለመደንዘዙን መረመረ። ቀጥሎም በጀርባዬ አስተኝቶ፥ ክንዴን ድንጋይ ሊወረውር እንዳለ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያዞረው «ሊወልቅ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ትከሻዬን ከፊት በመዳፉ ሲደግፍልኝ ግን ፍርሀቱ ጠፋ። «ይህ ፍርሀት የበሽታው ምልክት ነው እንጂ የአንተ ጠባይ አይደለም» አለኝ። ከዚህ በኋላ በራጅ አጥንቱ ይታያል፤ ሂልና ሳክስ የተባሉ የአሜሪካ የራጅ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1940 የገለጹት በክንድ አጥንት ራስ ላይ የሚቀር ስርጉድም ይፈለጋል። የቀለበቱን መላቀቅ የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው።

ሁሉም ሰው ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። በተፈጥሮው መጋጠሚያው የላላ ሰው በቅድሚያ ጡንቻውን በስፖርት ያጠነክራል። ቀለበቱ ተላቆ ውልቃቱ ሲደጋገም ግን ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ አስገብቶ ቀለበቱን ከአጥንቱ ጋር በክር ይሰፋዋል። የማስቀመጫው አጥንት ብዙ ከተበላ ስፌት ብቻ አይበቃም፤ ፈረንሳዊው ላታርዤ እ.ኤ.አ. በ1954 ባስተዋወቀው ዘዴ ከትከሻው ፊት ትንሽ አጥንት ከነጡንቻው ተቆርጦ በጎደለው ቦታ በብሎን ይታሰራል። ከዚያ ክንዱ ለሳምንታት በማንገቻ ይታሰራል፤ ወደ ኳስ ሜዳ ለመመለስም ስድስት ወር ያህል ያስፈልጋል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፥ ትከሻው ሊደርቅ ወይም እንደገና ሊወልቅ ስለሚችል ሳይመክሩ መቸኮል አይገባም።

እኔ ከወላጆቼ ጋር ተማክሬ ኦፕራሲዮኑን ለመቀበል ወስኛለሁ። ጓደኞቼንም የምለምነው ሁለት ነገር ነው፤ የተሰበረ አጥንት ሊኖር ስለሚችል የወለቀ ትከሻ በሜዳ ላይ አትጎትቱ፤ ክንዱን ለማንሣት የሚፈራውንም አትሳቁበት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኔ ግን አንድ ዓመት የደበቅሁት ፈሪ እንዳልባል ነበር።