የከተማ ፍሳሽና የታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይገባሉ። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተመረቀው የቆቃ ግድብ ይጠራቀማል። ስለሆነም በከተማው ቦይ የተጣለው ሁሉ ወደ ታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ ያመራል።

ብክለቱ የሚጓዘው በሁለት መንገድ ነው። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጀርሞች ከውሃው ጋር ሲፈሱ፣ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮሚየም በአብዛኛው ከደለል ጋር ተጣብቆ ይሄዳል። በበጋ ንጹሕ ውሃ ስለሚያንስ ፍሳሹ ሳይቀጥን ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የመጀመሪያው ጎርፍ በመንገድና በቦይ የተከማቸውን ቆሻሻ ጠርጎ ያወርዳል።

ረግረጋማ ቦታና ሐይቅ የውሃውን ፍጥነት ስለሚገቱ ደለሉ ይዘቅጣል፤ ደንገልና ሣርም ከፍሳሹ ውስጥ ለዕድገታቸው የሚሆነውን ይወስዳሉ። ብረቱ ግን ተከማቸ እንጂ አልጠፋም። ኃይለኛ ጎርፍ ደለሉን ባናወጠው ጊዜ እንደገና ይነሳል። ረግረጉ በደለል ከተሞላ ወይም ከደረቀም የማጣራት አቅሙን ያጣል።

ድርቅ ሲበረታ ሕዝብና ከብት ወደማይነጥፈው ወንዝ ይሰበሰባሉ። ይሁን እንጂ ከከተማ በታች በበጋ የሚፈሰው ውሃ አብዛኛው ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ብረትን ግን አያስወግድም። በመሆኑም የውሃ መቅጃ ወይም የሠፈራ ቦታ ከመመረጡ አስቀድሞ በላይኛው ተፋሰስ ምን እንደሚለቀቅ ማጣራት፣ ውሃውን በበጋና በመጀመሪያው ጎርፍ ጊዜ፣ ደለሉንም ጭምር፣ ማስመርመር ያስፈልጋል።