የአየር መንገድ ሥራና ፈተናዎቹ

አንድ የእህል ነጋዴ ወደ ገበያ ያወጣውን ጤፍ በዕለቱ ሳይሸጥ ቢቀር ጆንያውን አስሮ ወደ መጋዘኑ ይመልሰዋል፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀንም አውጥቶ ይሸጠዋል። የአየር መንገድ ድርጅት ግን ይህን ዕድል አያገኝም። አየር መንገድ የሚሸጠው በአውሮፕላን ውስጥ ያለን ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ከመሬት ከተነሣ በኋላ ባዶ የቀረው ወንበር ሊከማችም ሆነ ለነገ ሊቆይ አይችልም፤ ሊያስገኝ ይችል የነበረው ገንዘብ በዚያው ቀርቶ ይቀራል። የአየር መንገድን ሥራ ከሌሎች የንግድ ሥራዎች ይልቅ አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። 100 ወንበሮች ያሉት አንድ አውሮፕላን አለ እንበል። የነዳጁ ዋጋ፣ የአብራሪዎቹና የአስተናጋጆቹ ደመወዝ፣ የጥገናው ወጪ፣ መድኑ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ክፍያ፣ እንዲሁም የአውሮፕላኑ ዕዳ ወይም ኪራይ ለአንድ በረራ ሲደመር ከ70 ትኬቶች ዋጋ ጋር እኩል ይሆናል ብለን እንገምት። በዚህ አውሮፕላን 65 ሰዎች ቢሳፈሩ ድርጅቱ ይከስራል፤ 70 ቢሳፈሩ ወጪውን ብቻ ይሸፍናል፤ ትርፍ የሚጀምረው ከ71ኛው መንገደኛ ነው። መንገደኞቹ 65ም ሆኑ 90፣ የበረራው ወጪ እምብዛም አይለወጥም። እንግዲህ ትርፍንና ኪሣራን የሚለያያቸው የጥቂት ወንበሮች ጉዳይ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ከወጪዎቹ መካከል ከፍተኛ ድርሻ ያለው ነዳጅ ነው። በብዙ አየር መንገዶች ከጠቅላላው ወጪ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጠው ለነዳጅ ይውላል። ዋጋውን የሚወስነው ግን አየር መንገዱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ በተፈጠረው ችግር የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ያህል ሆነ፤ በ2008 ደግሞ የአንድ በርሜል ዋጋ ከ140 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ትኬቱን ከወራት አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የሸጠ ድርጅት፣ ነዳጅ ሲወደድ ልዩነቱን ከራሱ ካዝና ለመክፈል ይገደዳል። ከዚህም በላይ ትኬት የሚሸጠው በየአገሩ ገንዘብ ሲሆን፣ አውሮፕላንና መለዋወጫ ዕቃ የሚገዛው ባመዛኙ በዶላር ነው። ስለዚህ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ባለበት አገር ብዙ ትኬት የሸጠ ድርጅት እንኳ ገንዘቡን ማውጣት ተስኖት ሊቸገር ይችላል።

ተፈጥሮም የራሷን ፈተና ትጨምራለች። የአዲስ አበባው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሣበት ኃይል ይቀንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይደክማል። በመሆኑም አውሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል፤ ክብደቱም የተወሰነ መሆን ይኖርበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ ዐርፈው ነዳጅ ሲሞሉ ቆይተዋል። ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ካላለው ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን ያለማረፍ አዲስ አበባ ይገባሉ። ለዚህ ልዩነት አንዱ ዐቢይ ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። በየመንገዱ ማረፍ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፤ ወጪም ያስከትላል።

አውሮፕላን ገንዘብ የሚያስገኘው በአየር ላይ ሳለ ነው። ሥራ አስኪያጁ አውሮፕላኑ ሳያርፍ እንዲሠራ ቢመኝ አያስደንቅም። መካኒኩ ግን የተወሰነው ሰዓት ሲደርስ አውሮፕላኑን አቁሞ መመርመር አለበት። በዚህ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለደኅንነት ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነውና። ይሁን እንጂ አደጋ ከጥገና ጉድለት ብቻ አይመጣም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ጉዞ የጀመረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ወድቆ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አምስት ወር ሳይሞላ አስቀድሞ የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ወድቆ ነበር። በሁለቱም በረራዎች አንድ የመቆጣጠሪያ ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ ተነሣሥቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ እንደ ነበር በምርመራ ታወቀ። ሥርዓቱ እስኪታረም ድረስ የዚህ ዓይነት አውሮፕላኖች በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ሥራ የመለሳቸው በ2014 ዓ.ም. ነው። የቆመ አውሮፕላን ኪሣራ በሒሳብ ሊሰላ ይችላል፤ የጠፋ የሰው ሕይወት ግን በምንም አይተመንም።

ሳይታሰብ የሚደርስ ችግርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ ድንበሮች ተዘጉ። በዓለም ላይ ያለው የመንገደኞች ጉዞ ከቀደመው ዓመት ጋር ሲነጻጸር በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀነሰ፤ የአየር መንገዶች ጠቅላላ ኪሣራም ከ130 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከበርካታ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበሮችን አንሥቶ ጭነት እንዲያመላልሱ አደረገ። ቀድሞውኑ ጠንካራ የጭነት አገልግሎት ስለ ነበረው የሕክምና ዕቃዎችን ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ሲያጓጉዝ ከረመ።

ፈተናው ለሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆንም ውጤቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የአካባቢያችን ታሪክ ያሳያል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. 1946 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የኬንያ፣ የኡጋንዳና የታንጋኒካ የጋራ ድርጅት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሥራ ጀመረ። ይኸኛው ድርጅት ጥሩ አውሮፕላኖችና ሰፊ ገበያ ነበሩት። ነገር ግን ባለቤቶቹ መንግሥታት እየተቃቃሩ በመሄዳቸውና ዕዳው በመክበዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ሥራውን አቆመ። የኢትዮጵያው በአንጻሩ በመጀመሪያ በአሜሪካኖች እገዛ ቢመሠረትም የራሱን አብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች እያሠለጠነ፣ ኃላፊነቱንም ደረጃ በደረጃ ለኢትዮጵያውያን እያስረከበ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

በአጠቃላይ፣ የነዳጅን ዋጋ፣ የምድርን ከፍታ ወይም የወረርሽኝን መነሣት ማንም አየር መንገድ ሊያዝዘው አይችልም። በእጁ ያለው ወንበሩን በወቅቱ መሸጥ፣ አውሮፕላኑን በሚገባ መጠገን፣ ሠራተኛውን ማሠልጠንና ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ የገቢ ምንጭ ማዘጋጀት ነው። ትርፉ በጥቂት ወንበሮች ላይ የተመሠረተ ድርጅት ችግር ከደረሰ በኋላ ለመዘጋጀት ጊዜ አይኖረውም።