አበባው ለምን ይረግፋል? ቲማቲም በድሬዳዋ ጓሮ

በድሬዳዋ የቲማቲም ዘር ፈጥኖ ይበቅላል፤ ችግኙ ይፋፋል፤ ቢጫ አበባውም በጊዜው ይወጣል። ዳሩ ግን አበባው ፍሬ ሳይዝ ከአንገቱ እየተቀነጠሰ የሚረግፍበት ጊዜ አለ። በጀሪካን እየተቀዳ የጠጣው ውሃም በከንቱ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ዘሩን ወይም አፈሩን መውቀስ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከሁለቱ በፊት መመርመር ያለበት ዘሩ የተዘራበት ወር ነው።

ለመብቀልና ለማፍራት የሚስማማው ሙቀት አንድ አይደለም። ዘሩ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት በደንብ ይበቅላል። የአበባው ብናኝ ግን ሙቀትን አይችልም። ቀኑ ከ32 ዲግሪ፣ ሌሊቱም ከ21 ዲግሪ በላይ ሆኖ ሲሰነብት ብናኙ ይዳከማል፤ ሳይፀንስ የቀረው አበባም ይረግፋል።

ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ይህን ወሰን ታልፋለች። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ ስሌታችን ከአበባው ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው። ዘሩን በመስከረም መጀመሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሰን ብንዘራ፣ ችግኙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በጥቅምት ወደ መደቡ ይዛወራል፤ አበባውም ከኅዳር ጀምሮ ይከፈታል። በመጋቢት የዘራን እንደሆነ ግን አበባው ከሰኔ ሙቀት ጋር ይጋጠማል።

ስለ ሌሊቱ ሙቀት ስንናገር አጥሩን መርሳት አይገባንም። ድንጋይና ብሎኬት ቀን የተቀበሉትን ሙቀት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በጨረር መልክ ይመልሱታል። ስለዚህ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ ሥር የተተከለ ቲማቲም ከሌላው ይልቅ ሞቃት ሌሊት ያሳልፋል።

የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በገላው ላይ የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ቅጠልም ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። 1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው 6 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ተክሉ ሲጠማ ግን በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ ማቀዝቀዣው ይቆማል። ማልዶ ከሥሩ ማጠጣትና አፈሩን በገለባ መሸፈን፣ ውሃው ከመሬት ላይ ባክኖ ሳይቀር በቅጠሉ በኩል እንዲወጣ ይረዳል።

የዘር ምርጫም ቁም ነገር አለው። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ወጣው መልካሾላ ካለ ዝርያ ዘር አስቀርቶ ለከርሞ መዝራት ይቻላል። ድቅል ዘር ግን በሁለተኛው ትውልድ የወላጁን ጠባይ ጠብቆ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ተማሪዎች ራሳቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ደብተርና ሁለት መደብ ይበቃል፤ አንዱ በመስከረም፣ ሌላው በመጋቢት ይዘራ። የየሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት እየመዘገቡ፣ ስንት አበባ እንደ ተከፈተና ስንቱ ፍሬ እንደ ያዘ ይቁጠሩ። ለየሠፈሩ ጓሮ የሚስማማውን ወር ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው ይህ ቆጠራ ነው።