ግንቡን ማን ሠራው? አንድ ቀን በጎንደር

ከሳንጃ ወደ ጎንደር ብዙ ሰው ይመላለሳል። የሚመጣው ግን ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለቢሮ ጉዳይ ነው። ግንቡን ከአጥር ውጭ አይቶ ያልፋል፤ ገብቶ የጎበኘ ልጅ ጥቂት ነው። ነገ በዚያ የምናስተምር እጩ መምህራን ተማሪዎቻችንን ለአንድ ቀን ጉብኝት ብናመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «ቲቸር፣ ይህን ማን ሠራው?»

ብዙ ሰው ሳያስብ «ፖርቱጋሎች» ይላል። እስቲ ነገሩን በዘመን ቅደም ተከተል እንየው። አፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. እንደ ነገሡ በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የገነኑትን የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ከአገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ነው። ታዲያ የተባረረ ሰው ተመልሶ ግንብ ይሠራል?

የውጭ እጅ ጨርሶ የለበትም ማለታችን ግን አይደለም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ የመጣ ግንበኛ የኖራ ድንጋይ ማግኘቱን ሚሲዮናውያኑ ራሳቸው ጽፈዋል። በ1640 ዓ.ም. ከየመን በመልእክተኛነት የመጣው ሐሰን አል-ሐይሚም ቤተ መንግሥቱን አይቶ፣ ያነጸው ግንበኛ ሕንዳዊ እንደ ነበረ መዝግቧል። ሕንድ በዚያን ጊዜ በግንብ ሥራ የታወቀች ነበረች፤ በአግራ ከተማ የታጅ ማሃል ሥራ የተጀመረው አፄ ፋሲል በነገሡበት ዓመት ነው። በእኛም በኩል ቢሆን ከጎንደር አስቀድሞ አፄ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠርተው ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ እንዲህ ነው፦ አሠሪው፣ ድንጋዩና ጉልበቱ የአገር፤ ሙያው ደግሞ የአገሩና ከሕንድ የመጣው ተቀላቅሎ።

ጠዋቱን ለፋሲል ግቢ እንስጠው። የውጭ አጥሩ ዙሪያ 900 ሜትር ያህል ነው። ከአፄ ፋሲል ግንብ እንጀምር፤ አራቱን ክብ ማማዎችና ጉልላቶቻቸውን ልጆቹ ይሣሉ፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ኖራ ሳይነካኩ ያስተውሉ። ቀጥሎ የአፄ ዮሐንስን ቤተ መጻሕፍትና የታላቁን ኢያሱን ግንብ እንይ። «የኢያሱ ግንብ ጣሪያው የት ሄደ?» ብለን እንጠይቅ። በ1934 ዓ.ም. እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ሲያስወጡ የጣሉት ቦምብ ግቢውን እንደ ጎዳው የምንነግራቸው ራሳቸው ከገመቱ በኋላ ይሁን። መጨረሻ ላይ የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ እንይ።

ከምሳ በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንሂድ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተዋል፤ ይህ ግን ተርፏል። በጣሪያው የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች እያንዳንዱ ልጅ ይቁጠርና ቁጥሩን ከጓደኛው ጋር ያስተያይ። ሰዓት ከተረፈ በጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚገባ ውኃ የሚሞላውን የፋሲልን መዋኛ አይተን እንመለስ።

ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የነገሥታትን ስም ዝርዝር ብቻ ያስያዝነው ልጅ በማግሥቱ ይረሳዋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጥያቄ በደብተሩ ይጻፍ፤ ሲመለስም መልሱን በምን ማስረጃ እንዳገኘ ለክፍሉ ያስረዳ። እኛም «ማን ሠራው?» ስንባል «ይባላል» ብለን አንለፍ፤ ማስረጃውን ይዘን እንመልስ።